አዋላጅ አታምጥም፦ ስለ «ተደራዳሪ» እና «አደራዳሪ»

ጥያቄ፦ «በሬዲዮ ‹አደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ ተለያዩ› ሲባል ሰማሁ። ያልተስማሙት ባለጉዳዮቹ ናቸው ወይስ መሀል የገቡት? ባለቤቴ ደግሞ ‹ሽማግሌ እያለልን አደራዳሪ ምን ይሠራል?› ትላለች። ማናችን ልክ ነን?» (ከደሴ)

መልስ፦ ባለጉዳዮቹን ለማለት ከሆነ ዜናው ተሳስቷል፤ «ተደራዳሪዎቹ» ማለት ነበረበት። ይህች የ«ተ» እና የ«አ» ነገር እኔንም ስታበሳጨኝ ኖራለች፤ እንኳን ጠየቁኝ።

ግሱ «ደረደረ» ነው። ድንጋይ ይደረደራል፣ ዕቃ ይደረደራል፣ በገናም ይደረደራል፤ ዐሥሩን አውታር የሚነካው ሰው በገና ደርዳሪ ነው። ነገሩ የሁለት ወገን ሲሆን «ተደራደረ» ይባላል፤ አንዱ የራሱን ነጥብ ይደረድራል፣ ሌላውም ፊት ለፊት የራሱን። በዚህ ላይ ባዕድ መነሻው «አ» ሲገባ ሦስተኛ ሰው መጣ ማለት ነው፦ «አደራደረ»። ይህ «አ» ሥራውን ራሱ አይሠራም፤ የሚሠሩትን ያግዛል። አፋላጊ የሚፈልገው የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ አዋላጅም አታምጥም። ግእዙ «አስተ» በአማርኛ ተርፎ የቀረባቸው «አስታራቂ» እና «አስታማሚም» እንዲሁ ናቸው፤ አስታማሚ ራሱ ከታመመማ ሌላ አስታማሚ ሊፈለግ ነው። (ዕርቅን በዐይኑ «ዕ» ጻፉልኝ። በአልፋው «እ» የሚጽፈው እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጻፉልኝ።)

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመውን የሰላም ስምምነት ያስታውሱ። የፈረሙት ሬድዋን ሁሴንና ጌታቸው ረዳ ተደራዳሪዎች ናቸው። በአፍሪካ ኅብረት ስም መሀል የተቀመጡት ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ አደራዳሪዎች ናቸው። በአንዲት ፊደል ስሕተት ኦባሳንጆን የጦርነቱ አካል ማድረግ ይቻላል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። «ሽማግሌ ምንጊዜም ገለልተኛ ነው፤ አደራዳሪ ለትርጉም ዜና የተሰፋ ልብስ ነው» የሚል አንድ የሙያ ባልደረባ አለኝ፤ ከእሳቸው ጋር ሳይስማሙ አይቀርም። እኔ ግን ይህ ሰው ልጅ ድሮ አያውቅ ይሆን እላለሁ። ለጋብቻ የተላኩት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ሲቆሙ የማን ወገን ናቸው? የወንዱ ናቸው፤ እሱ ነው የላካቸው። ያን ጊዜ ሽማግሌ ወደ አማላጅ ይጠጋል፤ አማላጅም ለአንድ ወገን የሚለምን ነው እንጂ መሀል አይቆምም። ስለዚህ ሽማግሌ ብቻውን ጥያቄዎን አይፈታም፤ ማን እንደላከው መታወቅ አለበት።

እኔ የምወደው «ሸምጋይ» የሚለውን ነው። ሸመገለ፣ ሸምጋይ፤ ገደለ፣ ገዳይ እንደሚባለው «ል» በወጉ «ይ» ሆናለች። ከሱ ቀጥሎ «ገላጋይ»። ሴት ልጅ ስትወልድ «ተገላገለች» እንላለን፤ ጠበኞችን የሚያላቅቃቸውም ገላጋይ ነው። አዋላጅን ያነሣሁት በከንቱ አልነበረም፤ አማርኛ ጠብንና ምጥን በአንድ ግስ ሲያሳርፍ ኖሯል። ሕጋችንም ይህን ሳይወድ አልቀረም፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «የዘመድ ዳኝነት» የነበረው በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 «የግልግል ዳኝነት» ሆኗል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደግሞ መሀል የሚገባው ሰው «አስማሚ» ነው፤ እሱም አይከፋም።

«አደራዳሪ» ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ለጆሮዬ ደላላ ደላላ ይሸተኛል። ለሽያጭ የቆመ መኪና መስታወት ላይ «ዋጋ በድርድር» ተብሎ ተለጥፎ ሳይ፣ ይህንኑ ቃል ሰው ያለቀበት ጦርነት ላይ መስማት ይከብደኛል። ይህ የሰዋስው ክርክር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በሰዋስውማ ቃሉ እንከን የለውም፣ ራሴው ከላይ አስረድቻለሁ። ጋዜጠኛውም፣ ዲፕሎማቱም፣ አሁን አሁን የራሴ ተማሪዎችም «አደራዳሪ» ብለዋል፤ በፈተና ወረቀት ላይ «ሸምጋይ» ብዬ በቀይ ማረሙን ትቻለሁ።

እንግዲህ ለፖለቲካው «አደራዳሪ» ይበሉ፤ «ተ» እና «አ»ን ብቻ አያምታቱብኝ። ባለቤትዎ ግን በአንድ ነገር ይረቱዎታል። በእናንተው በወሎ ነፍስ ጠፍቶ ሁለት ቤተሰብ ሲፈላለግ መሀል የሚገባው ሽማግሌ «ደም አድራቂ» ነው። «የደም አደራዳሪ» ሲባል እስካሁን አልሰማሁም።