«ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው?» የአሮጌ መኪና ጥያቄና መልስ

ዛሬ እሁድ ነው፤ ሥራ የለም። ለገጣፎ መንገድ ዳር ያለችው የኤሌክትሪክ ሥራ ቤቴ ተዘግታለች። የቻርጅ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። ለመልሶቼ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ያስፈልጋችኋል። ርካሹም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ሱሉልታ ነኝ። አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ጠዋት አትነሳም፤ የሰፈር ልጆች እየገፉ ነው የሚያስነሱልኝ። ባትሪ ከገዛሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። ደግሜ ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ፣ ብርህን ያዝ። ጠዋት ቁልፍ ሳትነካ ባትሪውን ለካ። 12.6 ቮልት ገደማ ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው የቀረው። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው በለው። ከዚያ አስነሳና ድገም። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ እየሠራ ነው። ሞተሩ እየዞረ እዚያው 12 ምናምን ላይ ከቆመ ባትሪውን አትውቀስ፤ የሚያበላው አጥቶ ነው። ብርዱም አለበት። ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ይወፍራል። ግን የሱሉልታ ብርድ ብቻውን የሦስት ወር ባትሪ አይጥልም።

ጥያቄ፦ እኔው ነኝ ጋሼ። ለካሁ። ጠዋት 12.5፣ ተገፍቶ ሲነሳ 14.2። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን «ጥ» ብሎ ዝም ይላል።

መልስ፦ ጎሽ! ባትሪህም ዲናሞህም ደህና ናቸው ማለት ነው። አሁን ሽቦ ውስጥ ነን። የመለኪያውን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርግ። ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። በዚያች ቅጽበት ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ባትሪውን ከመኪናው ብረት የሚያገናኘው የግራውንድ ሽቦ ዝጓል ወይ ላልቷል። በፖዘቲቩ በኩልም እስከ ሞተሪኖው እንደዚሁ ሞክር። እኔ ራሴ በዚህ ተዋርጃለሁ። አንድ ሚኒባስ ዲናሞውን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩለት። ባለቤቱ ሥራ ፈትቶ አጠገቤ ቁጭ ብሏል። ለካ ጥፋቱ ቀለም ላይ የታሰረች አንዲት የግራውንድ ሽቦ ናት! ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቄ መልሼ አሰርኳት፣ አለቀ። የዲናሞውን እጅ ዋጋ አልተቀበልኩም፤ እንዴት ብዬ?

ጥያቄ፦ የኔ መኪና ቀይ የባትሪ መብራት በጭራሽ አይበራም። ጥሩ ምልክት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ቁልፉን ስታዞሪ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ሊበራ ይገባል። ሲነሳ ይጠፋል። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው በዚያች አምፖል በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ሳይሞላ ሊውል ይችላል። መጀመሪያ ፊውዝና አምፖል እይ። ከዚያ በኋላ ነው ዲናሞ የሚፈታው።

ጥያቄ፦ ቮልስ ነው የምነዳው። ከሰበታ ስመጣ ቀዩ መብራት በራ። ቤት እስክደርስ ልንዳው?

መልስ፦ አትንዳ! ዳር ይዘህ አጥፋ። ሌላ መኪና ቢሆን መብራትና ሬዲዮ አጥፍተህ ትንሽ መንገድ ልትሄድ ትችል ነበር። የድሮ ቮልስ የሚበርደው በነፋስ ነው፤ ማራገቢያው ደግሞ የሚዞረው በዚያው በዲናሞው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ይቃጠላል። በነገራችን ላይ እኛ ሁሉንም ዲናሞ እንላለን እንጂ እውነተኛው ዲናሞ ያለው እነዚህ የድሮዎቹ ላይ ነው። የሌሎቹ ኦልተርኔተር ነው። እውነተኛው ዲናሞ ሞተር በሚኒሞ ሲዞር እምብዛም አይሞላም። መብራት ላይ ስትቆም ፓውዛህ ቢደበዝዝ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ ሞተር እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ንቀል፣ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ብለውኛል።

መልስ፦ ይህን ምክር ማን እንደጀመረው ባገኘው! ሽቦው ሲነቀል ቮልቱ በአንዴ ይዘላል። የዲናሞውን ዳዮድ ያቃጥላል፣ ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ እሱንም። መልቲሜትር ከዚያ ሁሉ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ስሰጥ አምፖል ይቃጠላል፣ ባትሪውም ይሸታል።

መልስ፦ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው የተበላሸው። ስትለካ ከ15 በላይ ታገኛለህ። ቶሎ አስቀይር። ባትሪው አጠገብ ሲጋራ እንዳታጨስ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ባዶ ትሆናለች። ስነዳት ሰላም ናት።

መልስ፦ ቆማ እየጠጣች ነው። ሁሉንም አጥፋ፣ በሮቹን ዝጋ፣ የኔጌቲቩን ሽቦ ፈተህ መለኪያውን አምፔር ላይ አድርገህ በሽቦውና በባትሪው መሃል አስገባ። እንዲህ እያለ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው፤ መለኪያው ይቃጠላል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ደህና ነው። ግማሽ አምፔር ከሆነ የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአራት ቀን ገደማ ያልቃል። ፊውዝ አንድ በአንድ ንቀል፤ ቁጥሩ የወረደበት ቦታ ሌባው አለ። ብዙ ጊዜ ከኋላ የተጨመረ ቴፕ ወይም አላርም ነው።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ዲናሞ ልግዛ ወይስ የኔን ላሠራ?

መልስ፦ መጀመሪያ ያንተን አስፈትተህ ውስጡ እየተፋተገ የሚያልቀውን ካርቦን አሳይ። ካርቦን አልቆ ብቻ የሞተ ዲናሞ ስንት አይቻለሁ መሰለህ። የግድ ከሆነብህ አሮጌውን ይዘህ ሂድና አስተያይ። ፑሊውን በእጅህ አዙር። ኩሽኔታው የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢምልልህ፣ አስቀምጠህለት ውጣ።