የአያቴ «የመርዝ ዝናብ» ተረት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከጎንደር አዘዞ ነኝ። አያቴ በጣልያን ጊዜ ተከዜ ዳር የነበረው መንደራቸው ካውሮፕላን መርዝ ዘንቦበት ጠፋ ይላሉ፣ ወንድሞቼ ደሞ ተረት ነው እያሉ ይስቃሉ፣ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ተረት አይደለም እህታችን! ታህሳስ 1928 ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ የራስ እምሩን ጦር በመርዝ ደብድበዋል። መርዙ ጋዝ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፣ ሲነካ ወዲያው አያምም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው ውሃ ቋጥሮ የሚላጠው፣ ሳሩና ውሃው ላይ ስለሚቆይ ደሞ ከብቱም እረኛውም ይጎዳል፣ ለዛ ነው ጎጆው ሳይቃጠል እንኳን መንደሩ ባዶ የሚቀረው። ጣልያን እኮ በፈረንጅ 1925 ጄኔቭ ላይ መርዝ አልጠቀምም ብላ ፈርማ ነበር (ፊርማ!)፣ መርዙን መጠቀሟን መከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው ግን በፈረንጅ 1996 ነው። አያትሽን ቶሎ በስልክሽ ቅጂያቸው።