«ታዛዥ አገልጋይዎ» ብሎ መፈረም ዛሬ ያስኬዳል?

ወንድሜ፣ ለእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ የምትልከውን ማመልከቻ አሮጌ ደብዳቤ ላይ ባየኸው «አይ ሃቭ ዘ ኦነር ቱ ቢ፣ ሰር፣ ዩር ኦቢዲየንት ሰርቨንት» («ጌታዬ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ የመሆን ክብር አለኝ») በሚለው ብትዘጋው ያስከብርህ እንደሆነ ጠይቀሃል። አትጻፈው። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻጻፍ ለዓመታት እንጀራዬ ስለነበር ምክንያቱን ላስረዳህ።

እንዲህ ብሎ የሚፈርም ሰው ሎሌ አልነበረም። እኩያ ለእኩያው፣ ጠላትም ለጠላቱ ይጽፈው ነበር። አሜሪካውያኑ ፖለቲከኞች አሌክሳንደር ሃሚልተንና አሮን በር እ.ኤ.አ. በ1804 ሽጉጥ ከመማዘዛቸው በፊት በተለዋወጧቸው መራራ ደብዳቤዎች ላይ ሳይቀር «ታዛዥ አገልጋይዎ» እየተባባሉ ፈርመዋል። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 ብሪታንያ ጦርነት ማወጇን ለጃፓን ሲያስታውቅ በዚሁ ቃል ነው የዘጋው። አንዳንዶች ባይወዱለትም፣ ሰው መግደል ግድ ሲሆን ትሕትና ምንም አያስከፍልም ሲል በኋላ ጽፏል።

እኔ በጣም የምወደው ግን አሠራሩን ነው። መዝጊያው ለብቻው የቆመ ሐረግ አልነበረም፤ የደብዳቤው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ወደ ታች እየወረደ ፊርማው ላይ ያልቃል። «ፈጣን ምላሽዎን ተስፋ በማድረግ፣ ጌታዬ፣ ታማኝዎ ሆኜ እቆያለሁ» ይልና ስሙ ይከተላል። «አይ ሪሜይን» የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬ የምንጽፈው «ዩርስ ፌይዝፉሊ» («ታማኝዎ») የዚያ ረጅም ዓረፍተ ነገር ቅሪት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ዛሬ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤት ብትጽፍ አንባቢው የሚያየው አክብሮትህን ሳይሆን የዘመኑን ርቀት ነው።

አሮጌው ወግ ጨርሶ አልሞተም። ለእንግሊዝ ንጉሥ በሙሉ ሥርዓት የሚጽፍ ሰው ዛሬም «የግርማዊነትዎ ትሑትና ታዛዥ አገልጋይ» ብሎ መዝጋት ይችላል። ኤምባሲዎች ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚልኩት ኖት ቬርባል የተባለው ይፋዊ የዲፕሎማሲ ማስታወሻም ዛሬም «ከፍ ያለ አክብሮቱን በድጋሚ ለመግለጽ ይህን አጋጣሚ ይጠቀማል» በሚል ነው የሚያበቃው።

ለአንተ ጉዳይ ወሳኙ ሰላምታው ነው። የተቀባዩን ስም ሳታውቅ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» («ውድ ጌታዬ ወይም እመቤቴ») ብለህ ከጀመርክ በ«ዩርስ ፌይዝፉሊ» ዝጋ። ስሙን አውቀህ «ዲር ዶክተር እገሌ» ካልክ መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» («ከልብ የእርስዎ») ነው። ወደ አሜሪካ ከሆነ «ሲንሲርሊ» ብቻ ይበቃል። ከመዝጊያው በኋላ ነጠላ ሰረዝ አድርግ፤ የሁለተኛው ቃል መነሻ ትንሹ ፊደል ይሁን፤ ለፊርማህ ቦታ ተውና ሙሉ ስምህን ከሥሩ ጻፍ።