«ጃፓን ሰው አልቆባታል» ላሏችሁ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሻርጃ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «አጎቴ፣ ጃፓን ሰው አልቆባታል አሉ፤ እውነት ነው? አንድ ደላላ በሦስት ወር አስገባሃለሁ ይለኛል። ግማሹን ብር ግን አሁኑኑ ነው የሚፈልገው።» ከጀርባው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ለካ ምግብ እያደረሰ ነው የሚያወራኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው አይደለም። ጃፓን ስለምኖር ከሪያድም ከቤይሩትም ይደወልልኛል። ስለዚህ ለእሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ማለቁስ እውነት ነው። በ2024 ጃፓን ውስጥ የተወለዱት የጃፓናውያን ልጆች 686,000 ያህል ናቸው። በዚያው ዓመት የሞቱት ከ1.6 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከ10 ሰው ወደ 3ቱ ዕድሜው 65 ወይም ከዚያ በላይ ነው። በአገሩ ውስጥ 9 ሚሊዮን ቤት ባዶውን ቆሟል። ደቡብ ኮሪያማ ብሳለች፤ በ2024 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 0.75 ልጅ ነበር። ቻይና እንኳን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ያላት፣ ከ2022 ጀምሮ ቁጥሯ እየቀነሰ ነው። ከ2025 ወዲህ የጡረታ መውጫ ዕድሜን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ጀምራለች። ወንዱ ከ60 ወደ 63 ይሄዳል።

እዚህ ድረስ ደላላው አልዋሸም። ውሸቱ የሚጀምረው «ስለዚህ ማንንም ይቀበላሉ» ሲል ነው።

እነዚህ አገሮች ሰው ሲያንሳቸው መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ማሽን ነው። ከዚያ ሽማግሌውን ያሠራሉ። የውጭ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። በ2023 ኮሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ ለ10,000 ሠራተኛ 1,012 ሮቦት ነበር። በዓለም አንደኛ ናት። ቻይና 470 ደርሳ ጀርመንንም ጃፓንንም አልፋለች። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከተተከሉት አዳዲስ የፋብሪካ ሮቦቶች ከግማሽ በላይ የተተከሉት ቻይና ውስጥ ነው። ምግብ ቤት ስትገቡም ታዩታላችሁ። እዚህ ሰፈሬ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን የምታመጣው የድመት ፊት ያላት ተሽከርካሪ ናት። መንገድ ስትዘጉባት ትለማመጣለች። የተሠራችው ሼንዘን ነው። ከ20 ዓመት በፊት ሐበሻ ተማሪ ማታ ማታ የሚሠራት ሥራ ያቺ ነበረች።

ስለዚህ «ሰው ጎድሏል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማሽኑ የት ላይ ነው የሚቆመው?» በሉ። እኔ ማሽኑ የሚሠራበትንም የሚቆምበትንም ስላየሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ካትሱሺካ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ከቤት ሥር ያሉ ትንንሽ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ይበዙበታል። እኛ ጋ 11 ሰው ነበርን። አንድ ቀን ቢጫ የሮቦት ክንድ መጣ። ሁላችንም በቃ አበቃልን አልን። ክንዱ ብረቱን አንስቶ መጭመቂያው ማሽን ሥር ያስቀምጣል፤ አይደክመውም፤ ሻይ አይልም። ግን ዘይቱ ሲቆሽሽ አያውቅም። ድምፁ ሲቀየር አይሰማም። እሱን የሚሰማው ሰው እኔ ሆንኩ፤ ሌላ ምክንያት የለውም፣ አጠገቡ ስለቆምኩ ነው። ደሞዜም ከፍ አለ። መጨረሻ ላይ ቤቱን የዘጋው ሮቦቱ አይደለም። ባለቤቱ 78 ዓመት ሞላቸው፤ ልጃቸው ቢሮ ነው የሚሠራው፤ የሚረከብ ጠፋ። ሥራ እያለ፣ ትእዛዝ እያለ ተዘጋ። ጃፓን ውስጥ እንዲህ የሚዘጋ ድርጅት ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ካይጎ ይሉታል። አሁንም እዚያው ነኝ።

በሌሊት ፈረቃ ሁለት ሆነን 24 ሰው እንጠብቃለን። ፍራሹ ሥር ሴንሰር አለ። አንድ ሰው ከተነሳ ታብሌቴ ጢጥ ይላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ድሮ በየሰዓቱ በር እየከፈትን እንቀሰቅሳቸው ነበር። ባለፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጢጥ አለ። ሄድኩ። የ93 ዓመት እናት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቁም ሣጥኑን ይፈትሻሉ። የልጃቸውን የምሳ ዕቃ ነው የሚፈልጉት፤ ትምህርት ቤት ሊረፍድበት ነው። ልጁ ጡረታ ወጥቷል። «የለም» ብላቸው ይጮሃሉ፤ አውቀዋለሁ። ፎጣ አመጣሁና «ይህን መጀመሪያ አብረን እንጠፍ» አልኳቸው። ስድስተኛው ፎጣ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሴንሰሩ መነሳታቸውን ነገረኝ እንጂ ለምን እንደተነሱ አልነገረኝም። ሰው ከአልጋ የሚያነሳው ውድ ማሽን ደግሞ ዕቃ ቤት ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እኛ አሥር ደቂቃ የለንም።

የጃፓን መንግሥት ራሱ በ2040 የዚህ ሥራ ሠራተኛ በ570,000 ያህል ያንሰኛል ብሎ ገምቷል። በሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በሩ ግን ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም ቋንቋ ነው። ከ2019 ጀምሮ «ቶኩቴይ ጊኖ» የሚባል የሠራተኛ ቪዛ አለ። የጃፓንኛ ፈተና አለው፤ የሙያ ፈተና አለው፤ ለካይጎ ደግሞ ተጨማሪ የቋንቋ ፈተና አለው። የመጀመሪያው ደረጃ በጠቅላላው 5 ዓመት ነው፤ ቤተሰብ ማምጣት አይፈቅድም። ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ሥልጠናውን ጨርሶ የመንግሥቱን የካይጎ ፈተና ያለፈ ግን ሌላ ቪዛ ያገኛል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ያመጣል። ይህን መንገድ የኢንዶኔዥያና የምያንማር ልጆች አገራቸው እያሉ ፊደሉን ቆጥረው ይገቡበታል። የምትወዳደሩት ከእነሱ ጋር ነው። በሦስት ወር አስገባለሁ የሚል ሰው ስለዚህ ፈተና አንድ ቃል ካልተነፈሰ ስልኩን ዝጉት። ኮሪያ ለሚላችሁም እንዲሁ። የኮሪያ መንግሥት የፋብሪካ ሠራተኛ የሚወስደው ስምምነት ከተፈራረማቸው አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። አያቶቻችን በቃኘው ሻለቃ ሄደው መዋጋታቸው ቹንቾን ላይ ሐውልት አቁሞልናል፤ የፋብሪካ ቪዛ ግን አላመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ሰው መጉደሉና እንግዳ መውደዱ አንድ አይደለም። በነሐሴ 2025 ዮኮሃማ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ጉባኤ ጃይካ የሚባለው የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት አራት የጃፓን ከተሞችን ከአራት የአፍሪካ አገሮች ጋር አዛመደ። የእኛ አገር የለችበትም። ሐሳቡ የልውውጥ ነበር። «ልዩ ቪዛ ሊሰጥ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ የናይጄሪያ መንግሥትም እንዲያ ብሎ አወጀ። የከተሞቹ ስልክ በተቃውሞ ተጨናነቀ። በወሩ ጃይካ ሁሉንም ሰረዘው። ከከተሞቹ አንዳንዶቹ ወጣት የጎደለባቸው ናቸው እኮ! ባቡር ውስጥ አጠገባችሁ ያለው ወንበር ባዶ ሲቀር እንዳትደነግጡ ብዬ ነው። ይለመዳል። እኔ እንዲያውም ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።

ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ቴል አቪቭ ሽማግሌ ስትጦሩ የኖራችሁ እህቶቼ፣ ለእናንተ የተለየ ነገር አለኝ። የያዛችሁት ሙያ ነው። ሰው ማገላበጥ፣ ቁስል ሳያወጣ ማስተኛት፣ እምቢ ያለ አዛውንት ማብላት ቀላል አይደለም። ችግሩ ወረቀት የለውም። አሠሪያችሁ ደህና ሰው ከሆኑ ስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት ሕመምተኛ እንደጠበቃችሁ በደብዳቤ አስጽፉ። ፈተናውን አይተካም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ያወራላችኋል። ዋሽንግተን አካባቢ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነው የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ይህን ገና ድሮ ገብቷቸዋል።

እዚሁ ጃፓን ላላችሁ ደግሞ የጡረታውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንድ ወዳጄ 9 ዓመት ሠርቶ በ2015 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ያን ጊዜ ጡረታ ለማግኘት 25 ዓመት መክፈል ያስፈልግ ነበር። አላገኘውም ብሎ የከፈለውን በአንድ ጊዜ የሚመልሰውን ክፍያ ጠየቀ። የ9 ዓመቱን ያህል መስሎት ነበር። የተሰላለት ለ3 ዓመት ብቻ ነው፤ ጣሪያው ያን ጊዜ ያ ነበር። በ2017 ሕጉ ተቀየረ፤ 25ቱ ዓመት 10 ሆነ። ተመልሶ መጣ። አንድ ዓመት ጨምሬ እሞላለሁ ሲል፣ ለካ ገንዘቡን ሲወስድ ዘጠኙ ዓመት ተሰርዟል። ከዜሮ ጀመረ። ዛሬም ይህ ክፍያ አለ፤ የሚጠየቀው ከወጣችሁ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ስትወስዱት ግን ዓመታችሁ ይጠፋል። ወደ ጃፓን የመመለስ ሐሳብ ካላችሁ ወይም ወደ 10 ከተጠጋችሁ፣ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡበት።

ልጅ የምታስተምሩ፣ አገር ቤት ወንድም ያላችሁ፣ ሁሉን ወደ ኮምፒውተር አትግፉት። ማሽን በበዛበት አገር የሚፈለገው ማሽን ጠጋኙ ነው። መካኒካልና ኤሌክትሪክ የተማረ፣ እጁን ዘይት ለማስነካት የማያፍር። ከአፍሪካ ለሚመጡ ወጣቶች ከ2014 ጀምሮ አቤ ኢኒሼቲቭ የሚባል የማስተርስ ዕድል አለ፤ ከትምህርቱ ጋር የጃፓን ኩባንያ ውስጥ ልምምድ አለው። ኤምባሲው የሚሰጠው የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕም አለ። ሁለቱም ደላላ አይፈልጉም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነግሬ «አሁን ያለህን ብር ያዝ፤ ስድስት ወር በየማታው አንድ ሰዓት ጃፓንኛ ተማር፤ ካልሰለቸህ እናወራለን» አልኩት። ሁለት ቀን ዝም አለ። የተቀየመኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ። ሰላምታ የለውም። «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን፣ ዮን…» እያለ ይቆጥራል፤ ከኋላው ያው ጡሩምባ። ሰባት ላይ ተደነቃቀፈ። «ናና» ነው ብዬ መለስኩለት።