አንዱ የዳያዞኒየም ጨው ሲሟሟ ሌላው ለምን ይዘቅጣል?

ጠያቂያችን «ቤንዚንዳያዞኒየም ክሎራይድ በውኃ በቀላሉ እየተሟሟ ፍሎሮቦሬቱ የማይሟሟው ለምንድን ነው? ሁለቱም ጨው አይደሉም ወይ?» ብለዋል። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ተማሪዎችን ባለማመድኩባቸው ዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ ስለሆነ፣ በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ። ዳያዞኒየም የሚባለው እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት ናይትሮጅኖች ከካርቦን ቀለበት ጋር ተጣብቀው የሚገኙበት ፖዘቲቭ አዮን ነው።

የዚህ ጨው መነሻ የሆነው አኒሊን በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 3.6 ግራም ያህል ብቻ ስለሚሟሟ፣ የተረፈው እንደ ዘይት ጠብታ ሆኖ ከቢከሩ ሥር ይቀመጣል። በቂ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ናይትሮጅኑ ፕሮቶን ተቀብሎ አዮን ስለሚሆን ጠብታዎቹ ይጠፋሉ። ከዚያም ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሶዲየም ናይትራይት ቀስ እየተባለ ሲንጠባጠብበት ጥርት ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ የቤንዚንዳያዞኒየም ክሎራይድ ሙሙት ይገኛል። የፌኒሉ (ባለ ስድስት ካርቦኑ) ቀለበት ብቻውን ቢሆን ከውኃ ጋር አይስማማም፤ ነገር ግን የዳያዞኒየሙን ፖዘቲቭ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ)፣ ከዚያም በላይ ትንሹን ክሎራይድ፣ የውኃ ሞለኪውሎች አጥብቀው ስለሚከቡ ጨው ተሟሙቶ ይቆያል።

በዚሁ ሙሙት ላይ የቀዘቀዘ ፍሎሮቦሪክ አሲድ ሲጨመር ግን ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ዳያዞኒየሙ ያው ነው፤ የተለወጠው አጣማሪው አዮን ነው። ፍሎሮቦሬት ትልቅ አዮን ከመሆኑም በላይ ኔጌቲቭ ሙሉ በአራቱ ፍሎሪኖች ላይ የተሠራጨ ስለሆነ ውኃ ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ በዚህም የሚገኘው ኃይል አዮኖቹን ከክሪስታሉ ነቅሎ ለማውጣት አይበቃም። ባልዝና ሺማን እ.ኤ.አ. በ1927 ይፋ ያደረጉት ፍሎሮቤንዚንን የማዘጋጃ ዘዴም በዚህ ጠባይ ላይ ያረፈ ነው፤ ጨው ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ በጥንቃቄ ሲሞቅ ናይትሮጅንና ቦሮን ትራይፍሎራይድ ይለቅቃል።

ክሎራይዱን ግን በዚህ መንገድ ለማድረቅ ከቶ አይሞክሩ፤ ሲደርቅ ሊፈነዳ ይችላል። በሙሙትነቱም ቢሆን መሟሟቱ ሳይበላሽ ጸንቶ የመቆየቱ ምልክት አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ቡድን ፍላስኩን ከበረዶው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ፤ ስንመለስ ሙሙቱ በናይትሮጅን አረፋ ይንተከተክ ነበር፣ የፌኖል ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፣ ከሥሩም ቡናማ ሙጫ መሰል ነገር ተቀምጦ ነበር።

ዝቃጭ በታየ ቁጥርም ዳያዞኒየሙ አልሟሟም ማለት አይደለም። አሲዱ ሲያንስ ያልተለወጠው አኒሊን ከተፈጠረው ዳያዞኒየም ጋር ተጣምሮ ዳያዞአሚኖቤንዚን የሚባል ቢጫ ዝቃጭ ይሠራል፤ ስለዚህ ለአንድ ሞል አኒሊን ሁለት ሞል ተኩል ያህል አሲድ አስለካለሁ። ሜቲል ኦሬንጅ የተባለውን ቀለም ስናዘጋጅ ከሰልፋኒሊክ አሲድ የሚገኘው ዳያዞኒየም ግን በእርግጥ እንደ ነጭ ደቃቅ ዱቄት ይዘቅጣል፤ ሁለቱም ሙሎች በአንዱ ሞለኪውል ላይ ስላሉ ክሎራይድ አያስፈልገውም። ይህን ዱቄት አጣርተው አያድርቁት፤ ከነውኃው እየነቀነቁ፣ እንደቀዘቀዘ፣ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ቀለሙን ወደሚሠራው ዳይሜቲልአኒሊን ይጨምሩት።