ደራሲው ራሱ ምን ይወድ ነበር?

ሰላም ወንድሜ። «የፍሪረንን አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚጥመኝ ጠፋ። የምርጦች ዝርዝር ሁሉ ያንኑ አሥር ስም ነው የሚደጋግመው። እናንተ አዲስ ፋንታሲ ከየት ታገኛላችሁ?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ላይ ከርሜአለሁ። በዝርዝር ተመርቼ ስድስት ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ የቀረሁበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እኔን ያወጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሆነ ሥራ ልቤን ሲነካው «ይህን የሠራው ሰው ምን እያነበበ፣ ምን እየተጫወተ አደገ?» እላለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ያንተኑ ፍሪረን እንውሰድ። ታሪኩ የሚጀምረው የአጋንንቱ ንጉሥ ከወደቀ በኋላ ነው። ጀግናው ሂሜል፣ ቄሱ፣ ድንኩ ተዋጊና አስማተኛዋ ፍሪረን ከ10 ዓመት ጉዞ በኋላ ከተማ ይገባሉ። ጌም ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አዎ፣ ጌም! ይህ ዓይነቱ ዓለም በጃፓን ቤት ለቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመረው ድራጎን ኩዌስት ነው። የእሱ ፈጣሪ ዩጂ ሆሪ ደግሞ ዊዛርድሪ በሚባል የ1981 የአሜሪካ ጌም ተማርኮ ነበር። የዊዛርድሪ ሥር ሲፈለግ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በዳይስ የሚጫወቱት ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ይመጣል፤ 1974።

ይህን ክር ስከተል ነው ደንጅን ሜሺ የሚባለውን ማንጋ ያገኘሁት። ደራሲዋ ሪዮኮ ኩይ የእነዚህ የድሮ ጌሞች ወዳጅ ናት፤ ያስታውቅባታልም። አንድ ቦታ ላይ ባዶ የጦር ልብስ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። አስማት ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ሲፈታ ግን ውስጡ ቀንድ አውጣ የመሰሉ ለስላሳ ፍጥረታት ተጣብቀው ይገኛሉ። እንደ ጡንቻ ሆነው የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። ሴንሺ የሚባለው ድንክ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያበስላቸዋል። ሌሊት 7 ሰዓት ነበር፤ ያንን ገጽ ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት። በ14 ቅጽ ያለቀ ስለሆነ ደግሞ መጨረሻውን ስትጠብቅ አትኖርም።

ስለ ገንዘቡ ካሰብክ፣ ማንጋ ፕላስ በሚባለው መተግበሪያ ላይ የብዙ ማንጋዎችን የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፎች በነፃ ታነባለህ። እኔ ሦስት ምዕራፍ እሰጠዋለሁ፤ ካልያዘኝ እተወዋለሁ። ለጌም ደግሞ ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ላይ ኔክስት ፌስት የሚባል አለ። በዚያ ሳምንት ገና ያልወጡ ጌሞችን ናሙና በነፃ ትሞክራለህ። እኔ ሁሌም ትንንሽ ቡድኖች የሠሯቸውን አስቀድማለሁ፤ አዲስ ሐሳብ የሚገኘው እዚያ ነው።

ልብወለድ ላይ ደግሞ ወደ ጥንቱ ሂድ። ሎርድ ደንሳኒ እ.ኤ.አ. በ1905 የራሱን አማልክት ፈጥሮ ያሳተመው መጽሐፍ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ፋይሉ ቀላል ነው፤ ፓኬጅህን አይጨርስም። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱን ትጨርሳለህ።

የኛንም አትርሳ። ኢታን ኮሚክስ ያሳተመው ጀምበር የሚባል ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ በአማርኛም ተዘጋጅቶ ነበር። የልዕለ ኃያል ታሪክ ነው፤ ከፍሪረን ይርቃል። ግን ጀግናው በቋንቋዬ ሲናገር ሳነብ የተሰማኝን ደስታ ሌላ ኮሚክ አልሰጠኝም።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ፍሪረን ላይ የያዘህ ጸጥታው ነው፣ አስማቱ ነው ወይስ የሂሜል ትዝታ? እሱን ጻፍልኝና ቀጣዩን ክር አብረን እንፈልጋለን።