ያልተሳካው ሙከራና የተሳካው፦ ስለ ሊኑክስ ሰርቨር ደኅንነት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተሮችን የምከታተለው እኔ ነኝ። ውጭ አገር ካለ ዳታ ሴንተር የተከራየነው፣ ኡቡንቱ የተጫነበት ሰርቨር አለን። የመግቢያ ሙከራዎች የሚመዘገቡበትን ፋይል ስከፍት «ሩት» (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ)፣ «አድሚን»፣ «ኦራክል» በሚሉ ስሞች የተደረጉ በሺህ የሚቆጠሩ ያልተሳኩ ሙከራዎች አገኘሁ። ሥራ አስኪያጃችን የተፎካካሪ ሥራ ነው ይላሉ። ከርቀት ወደ ሰርቨሩ የምንገባበትን የኤስኤስኤችን ፖርት (የመግቢያ በሩን ቁጥር) ከ22 ወደ ሌላ ቁጥር ብቀይረው ይበቃል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይህ መዝገብ ብቻውን ተፎካካሪን ለመጠርጠር አያበቃም። ለኢንተርኔት ክፍት የሆነ ሰርቨር፣ ባለቤቱ ባንክም ይሁን ተማሪ፣ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ እንዲህ ያለ ሙከራ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ ሠርተው፣ መላውን የአይፒ ቪ4 (የተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) የአድራሻ ክልል በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ጊጋቢት መስመር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለአንድ ፖርት መፈተሽ እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሌት ተቀን የማያርፉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ የእናንተንም ሰርቨር የነኩት ስማችሁን አውቀው ሳይሆን አድራሻችሁ ተራው ስለደረሰው ነው ብሎ መገመት ይቀላል።

ፖርቱን መቀየር መዝገቡን ያቀለዋል፤ ለማንበብም ይመቻል። ሆኖም ሌሎቹን ፖርቶች ጭምር የሚፈትሽ ሰው አዲሱን ቁጥር ለማግኘት ስለማይቸገር፣ እንደ መከላከያ ልንቆጥረው አይገባም።

እኔ ከሺዎቹ ያልተሳኩ መስመሮች ይልቅ የምፈልገው የተሳኩትን ነው። በዚያው ፋይል ውስጥ «አክሰፕትድ» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። እያንዳንዱ መስመር ማን በምን ስም፣ ከየትኛው አድራሻ፣ በይለፍ ቃል ወይስ በቁልፍ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ ይነግርዎታል። የማያውቁት አድራሻ ካለ ጉዳዩ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሰዓቱን ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ፤ የኪራይ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ መዝገቡ ላይ 21:30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ሳያስተውል፣ ሌሊት የገባን ሰው ሥራ ያመሸ ባልደረባ ነው ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። በተጨማሪም የሩትን ሥልጣን የያዘ አጥቂ መዝገቡን ራሱን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ የመዝገቡን ቅጂ ወዲያው ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን መላክ ተገቢ ነው።

ዋናው መፍትሔ በይለፍ ቃል መግባትን ጨርሶ መዝጋት ነው። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ የኢዲ25519 ዓይነት ቁልፍ ያመንጩ፣ ይፋዊውን ግማሽ ወደ ሰርቨሩ ይላኩ፣ የምሥጢሩን ግማሽ በጠንካራ ሐረግ ቆልፈው እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ። ከዚያ በኤስኤስኤች የቅንብር ፋይል ውስጥ «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን» እና «ፐርሚት ሩት ሎጊን» የሚሉትን መመሪያዎች «ኖ» ያድርጓቸው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። የኤስኤስኤች አገልግሎት አንድን መመሪያ ሁለት ቦታ ካገኘ የሚይዘው መጀመሪያ ያነበበውን ነው፤ በኡቡንቱ ደግሞ ዋናው ፋይል ገና ከአናቱ ንዑስ ፋይሎች እንዲነበቡ ያዛል። በኪራይ ሰርቨሮች ላይ ክላውድ ኢኒት የሚባለው ፕሮግራም ከእነዚህ በአንዱ፣ ስሙ በ50 በሚጀምር ፋይል ውስጥ፣ በይለፍ ቃል መግባትን ፈቅዶ ትቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ እርስዎ ዋናው ፋይል ላይ «ኖ» ብለው በሩ ክፍት ይሆናል። ስለዚህ «ኤስኤስኤችዲ» የሚለውን ትእዛዝ ከትልቁ «ቲ» (-T) ጋር አስጀምረው፣ አገልግሎቱ በእርግጥ የያዘውን ቅንብር ያስነብቡት። አገልግሎቱን ዳግም ሲያስነሱ የገቡበትን መስኮት አይዝጉ፤ በሌላ መስኮት በቁልፉ መግባትዎን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይውጡ።

ፌይልቱባን የተባለው ፕሮግራምም ይጠቅማል፤ ሌላ ካልታዘዘ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ በአንድ የውጭ አድራሻ የሚወጣ ከሆነ ግን አንዱ ሲሳሳት ሌላው አብሮ ይታገዳል፤ የቢሮው አድራሻ ቋሚ ከሆነ ከእገዳው ነጻ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ዩኤፍደብሊው የተባለውን ፋየርዎል ከ22፣ ከ80 እና ከ443 በስተቀር ሁሉንም ፖርት እንዲከለክል አዝዤዋለሁ። ነገር ግን አንድ ጓደኛዬ ከቤቱ ሆኖ በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያሠራ መሣሪያ) ውስጥ ወደሚሠራው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ በፖርት 5432 ደረሰ። ፋየርዎሉ ተበላሽቶ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ታልፎ ነው። ዶከር አንድን ፖርት ይፋ አድርግ ሲባል በራሱ እጅ የሊኑክስ የኔትወርክ ማጣሪያ በሆነው በአይፒቴብልስ ውስጥ ደንብ ይጽፋል። ከውጭ የመጣው ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ገና ሲገባ መድረሻው ወደ ኮንቴይነሩ የውስጥ አድራሻ ስለሚለወጥ፣ እርስዎ የከለከሉበትን የገቢ መስመር ሳይነካ በማስተላለፊያው መስመር ያልፋል፤ እዚያ ደግሞ የዶከር ደንብ ይቀድማል። የዩኤፍደብሊውን ሁኔታ ቢጠይቁ «ተከልክሏል» ይልዎታል፤ ዳታቤዙ ግን ለዓለም ክፍት ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ከሺህ ያልተሳካ ሙከራ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም መዝገብ የሚያነብም ሰው አይጠረጥረውም።

ዳታቤዙን የሚጠቀመው ፕሮግራም በዚያው የዶከር ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ ፖርቱን ይፋ የማድረጉን መስመር ይሰርዙት፤ ኮንቴይነሮቹ በስም ይገናኛሉ። ፕሮግራሙ ከዶከር ውጭ በዚያው ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ከ5432 በፊት 127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ብለው ይጻፉ። ከቤት ሆነው መግባት ካስፈለገዎት በኤስኤስኤች በኩል መሿለኪያ ይክፈቱ። የተወሰኑ የውጭ አድራሻዎችን የግድ መፍቀድ ካለብዎት ደንቡ የሚጻፈው «ዶከር ዩዘር» በሚባለው ሰንሰለት (የአይፒቴብልስ የደንቦች ዝርዝር) ውስጥ ነው። ውጤቱን ከሰርቨሩ ላይ ሆነው አይፈትሹት፤ ላፕቶፕዎን በስልክዎ ዳታ አገናኝተው ፖርቶችን በሚፈትሸው በኤንማፕ ከውጭ ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ ሰርቨራችን ኡቡንቱ 20.04 ነው፤ በደንብ ስለሚሠራ መንካት ፈርተናል። ችግር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለው። የዚህ ዕትም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አብቅቷል። ለጊዜው ኡቡንቱ ፕሮ እስከ 5 ማሽን ድረስ በነጻ ስለሚሰጥ በዚያ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ይችላሉ። ለመሻገር ሲወስኑ ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መዝለል አይቻልም፤ በ22.04 በኩል ነው። ከዚያ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ ወስደው፣ ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ እንደሚነሳ ይሞክሩት።